ሰይጣንን ልታስታርቅ የተነሣችው እናት

መርካቶ ውስጥ ሁለት ነጋዴዎች በሒሳብ ተጣልተው ሰላምታ ቢነፋፈጉ፥ ነገሩ ከፍርድ ቤት ከመድረሱ በፊት ሽማግሌ ይገባበታል። ሽማግሌዎቹም ግራ ቀኙን ሰምተው፥ የበደለውን አስክሰው፥ የተበደለውን ይቅር አሰኝተው ሁለቱን አስታርቀው ይለያያሉ። በአገራችን ደም የተቃቡ ሰዎች እንኳ በዚህ ልማድ ሲታረቁ ኖረዋል። ዛሬ ታሪኳን ለአንባቢዎቻችን የምናቀርብላት ሴት ግን ከዚህ ሁሉ የሚበልጥ ሽምግልና ውስጥ የገባች ናት፤ ልታስታርቅ የተነሣችው ፈጣሪንና ዲያብሎስን ነውና። ስሟም ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ይባላል።

ስለዚህች እናት ለመጻፍ ያነሣሣን በመርካቶና በአካባቢው ዘወትር የሚሰማ ክርክር ነው። የራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና የአንዋር መስጊድ ተጐራብተው በሚገኙበት፥ ልዩ ልዩ የክርስቲያን ማኅበሮችም ምእመናን ባሏቸው በዚህ ሰፊ ገበያ፥ ተማሪውና ወጣቱ የመንግሥት ሠራተኛ ሻይ ይዞ ሲቀመጥ ወሬው ከዕቃ ዋጋ ወደ ነፍስ ዋጋ የሚዞርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። አንደኛው ሰው የሚድነው በእምነት ብቻ መሆኑን ይናገራል፤ ሁለተኛው ሥራ የሌለው እምነት ከንቱ እንደ ሆነ ያስረዳል፤ ሦስተኛው ለሞተ ሰው ተዝካር ማውጣትና ጸሎት ማድረግ ይጠቅም እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ አራተኛውም መሐሪ የሆነ አምላክ ፍጡሩን ለዘለዓለም በእሳት ውስጥ እንዴት ሊያኖር እንደሚችል ይገረማል። ይህ የመጨረሻው ጥያቄ ከባሕር ማዶ በመጡ መጻሕፍት የተጀመረ የሚመስላቸው ወጣቶች አሉ። ነገር ግን አንዲት የቡልጋ ሴት አምስት መቶ ዓመት ከሚያልፍ ዘመን በፊት ጠይቃዋለች፤ ጠይቃም አልቀረችም፥ መልሱን ለማግኘት እስከ ሲኦል ደጃፍ ወርዳለች።

ክርስቶስ ሠምራ የኖረችው በ15ኛው መቶ ዓመት ነው። የተወለደችው በሸዋ፥ በቡልጋ፥ ቅዱስ ጌ በተባለው ስፍራ ሲሆን፥ አባቷ ደረሳኒ እናቷም ዕሌኒ ይባሉ ነበር። ዕድሜዋ ለጋብቻ በደረሰ ጊዜ ወላጆቿ ሠምረ ጊዮርጊስ ለሚባል ሰው ዳሯት፤ ከእርሱም አሥራ አንድ ልጆች ወለደች። ቤቷ የተሟላ፥ ገረዶቿ ብዙዎች፥ ስሟም በአካባቢው የተከበረ ነበር። በዓለም ሚዛን ሲታይ የጐደለባት ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል።

ከዕለታት አንድ ቀን ግን ከገረዶቿ አንዷ አስቈጣቻት። ክርስቶስ ሠምራም ቍጣዋን መግታት ተስኗት እሳት አንሥታ በገረዲቱ አፍ ጨመረችባት፤ ገረዲቱም ሞተች። የገድል ጸሐፊዎች ስለ ቅዱሳን ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚተርኩት ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ የተመረጡ፥ በልጅነታቸውም ጨዋታ የማይወዱ እንደ ነበሩ ነው። ይህ ገድል ግን የእመቤቲቱን ግፍ ሳይሸፍን ይናገራል። በዚያ ዘመን እመቤት በገረዷ ላይ የነበራት ሥልጣን እጅግ ሰፊ ስለ ነበረ፥ ነገሩ በቤት ውስጥ ተድበስብሶ ሊቀር ይችል ነበር። እርሷ ግን ራሷን ከሰሰች። ገረዲቱ ከሞት ብትነሣላት ባሏን፥ ልጆቿንና ሀብቷን ትታ በምናኔ ለመኖር ለእግዚአብሔር ተሳለች። ገድሉ እንደሚለው ጸሎቷ ተሰምቶ ገረዲቱ ተነሣች፤ ክርስቶስ ሠምራም ስእለቷን ሳታዘገይ ከቤቷ ወጣች።

መጀመሪያ የሄደችው አቡነ ተክለ ሃይማኖት ወደ መሠረቱት ወደ ደብረ ሊባኖስ ነበር። በዚያም መነኰሰች። ከዚያ በኋላ የሸዋን ምድር ትታ ወደ ጣና ሐይቅ ተጓዘችና በጓንጉት ተቀመጠች። በሐይቁ ውስጥ ቆማ አሥራ ሁለት ዓመት እንደ ጸለየች፥ ሥጋዋም ከውሃው ብዛት የተነሣ ዓሦች እስኪመላለሱበት ድረስ እንደ ተበሳሳ ይነገራል። ትናንት በሞቀ ቤት ተቀምጣ ገረዶቿን ስታዝ የነበረች እመቤት፥ ዛሬ በቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ቆማ ስለ ሌላው ሰው የምትለምን ሆነች። በእሳት የበደለች ሴት በውሃ ንስሓ ገባች ብንል ከታሪኩ የራቅን አይመስለንም።

የጸሎቷ ፍሬ ነገር የራሷ መዳን ብቻ አልነበረም። የአዳም ልጆች ሁሉ ከሥቃይ የሚድኑበትን መንገድ ስታስብ፥ የጥፋቱ ሁሉ ምክንያት የዲያብሎስ ጠላትነት መሆኑን ተመለከተች። እርሱ ከፈጣሪው ጋር ቢታረቅ የሚያስት አይኖርም፤ የሚያስት ከሌለም የሚጠፋ አይኖርም በማለት አሰበች። ስለዚህ እግዚአብሔር ሰይጣንን ይምረው ዘንድ ለመነች። ጌታም ልመናዋን አልናቀም፤ ሳጥናኤል እሺ የሚላት ከሆነ ሄዳ እንድትጠይቀው ፈቀደላት፤ ቅዱስ ሚካኤልንም አብሮ ላከው።

ክርስቶስ ሠምራ ከሲኦል ደጃፍ ደርሳ ሳጥናኤልን በስሙ ጠራችው፤ ከፈጣሪው ጋር ልታስታርቀው መምጣቷንም ነገረችው። እርሱ ግን የዕርቅ ቃል በመስማቱ ተቈጥቶ እጇን ይዞ ወደ ጥልቁ ሳባት። በዚህ ጊዜ ቅዱስ ሚካኤል በሰይፉ ደርሶ አዳናት። ከሲኦል ስትወጣ ግን ብቻዋን አልነበረችም፤ በዚያ የነበሩ እልፍ ነፍሳት ንብ በቀፎ ላይ እንደሚሰፍር በእርሷ ላይ ተጣብቀው አብረዋት ወጡ። ሽምግልናው ፈረሰ፤ የሽማግሌዋ ድካም ግን ከንቱ አልሆነም።

ገድል እንደ ዜና መዋዕል የሚነበብ የታሪክ መዝገብ አለመሆኑን እናውቃለን። የዓመተ ምሕረት ቍጥር የሚፈልግ የታሪክ ተማሪ በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ብዙ አያገኝም። የአንድ ሕዝብ አሳብ ስለ ሞት፥ ስለ ፍርድና ስለ ምሕረት ምን እንደ ነበረ ማወቅ የሚሻ ግን እንዲህ ያለውን ምስክር በቀላሉ አያገኝም። ገድሉ በግዕዝ የተጻፈ ሲሆን፥ ክርስቶስ ሠምራ ለጸሐፊዋ ለፊልጶስ ራሷ እንደ ነገረችው ሆኖ ይተረካል። ኢጣሊያዊው ሊቅ ኤንሪኮ ቼሩሊም ጽሑፉን ከኢጣሊያንኛ ትርጕም ጋር እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1956 ሉቨን ላይ አሳትሞታል።

አሁን የታሪኩን ትምህርት ለመረዳት፥ ሲኦልና ገሃነም በሚባሉት ሁለት ቃላት መካከል ያለውን ልዩነት ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው አንድ አድርጎ ይናገራቸዋልና። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት፥ ከሞት በኋላ እስከ ትንሣኤ ሙታን ድረስ የጻድቃን ነፍሳት በገነት፥ የኃጥአን ነፍሳትም በሲኦል ይቈያሉ። ከመጨረሻው ፍርድ በኋላ ግን ጻድቃን መንግሥተ ሰማያትን ይወርሳሉ፤ ኃጥአንም ወደ ገሃነመ እሳት ይወርዳሉ። የገሃነም ስም የተገኘው በኢየሩሳሌም ደቡብ ከሚገኘው ከሄኖም ሸለቆ ነው። አዳም ከ5500 ዘመን በኋላ ከሲኦል እንደ ወጣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ታስተምራለች፤ ስለዚህ ሲኦል ነፍስ ፈጽማ የማትወጣበት ስፍራ አይደለም። ለሙታን ፍትሐት የሚደረገው፥ በ40 ቀንና በ80 ቀን ጸሎት የሚደርሰው፥ ተዝካርም የሚወጣው በዚህ እምነት ነው። ክርስቶስ ሠምራ ነፍሳቱን ያወጣችው ከሲኦል እንጂ ከገሃነም አለመሆኑን አንባቢ ልብ ይሏል።

ስለ ሰይጣን ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት የታወቀ ነው፤ ለእርሱ ንስሓ የለውም። ገድሉም ይህን ትምህርት አይቃወምም። ነገር ግን ምክንያቱን በራሱ መንገድ ያሳያል። በገድሉ ውስጥ የዕርቁን በር የዘጋው ፈጣሪ ሳይሆን ዲያብሎስ ነው። ምሕረት እስከ ደጃፉ ድረስ ሄዶለት ነበር፤ አልቀበልም ያለው እርሱ ነው።

በሌላው ዓለም ያሉ ሊቃውንትም በዚህ ጥያቄ ሲከራከሩ ኖረዋል። በ3ኛው መቶ ዓመት የነበረው የእስክንድርያው ሊቅ ኦሪገን፥ ፍጥረት ሁሉ በመጨረሻው ወደ ጥንተ ተፈጥሮው ይመለሳል በማለት አሰበ፤ ለሰይጣንም ድኅነት አስተምሯል ተብሎ ተከሰሰ። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ400 ገደማ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ፥ በ543 ደግሞ የቍስጥንጥንያው ንጉሥ ዮስጢኒያኖስ ትምህርቱን አወገዙ። ይሁን እንጂ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የኑሲሱ ጎርጎርዮስ ተመሳሳይ ተስፋ ቢጽፍም ከቅዱሳን አባቶች ቍጥር አልወጣም። ገዳሞቻችን በሚያነቡት መጽሐፉ የታወቀው ማር ይስሐቅም በ7ኛው መቶ ዓመት ስለ ዲያብሎስ እንኳ የሚያዝን ርኅሩኅ ልብ እንደሚያስፈልግ አስተምሯል። እንግዲህ የቡልጋዋ እናት በአሳቧ ብቻዋን አልነበረችም።

በእርሷው መቶ ዓመት በአውሮፓ የነበረው ክርክር ግን በሌላ አቅጣጫ ይሄድ ነበር። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1439 በፍሎሬንስ ጉባኤ የሮማ ቤተ ክርስቲያን ከግሪኮች ጋር ተከራክራ፥ ነፍሳት ከሞት በኋላ የሚነጹበት ሥቃይ እንዳለ አስወሰነች። በ1441 ደግሞ ከኢየሩሳሌም የኢትዮጵያውያን ገዳም የሄዱ መነኰሳት እዚያው ፍሎሬንስ ደርሰው ነበር። ከዚያም ማርቲን ሉተር በ1517 ከዚህ ሥቃይ ነፃ ያወጣል ተብሎ የሚሸጠውን የሥርየት ወረቀት ተቃወመ፤ ከእርሱ በኋላ የተነሡትም የፕሮቴስታንት ማኅበሮች ድኅነት በእምነት ብቻ መሆኑንና ለሙታን መጸለይ እንደማያስፈልግ አስተማሩ። እንደ አድቬንቲስቶች ያሉት ደግሞ ኃጥአን በመጨረሻው ይጠፋሉ እንጂ ለዘለዓለም አይሠቃዩም ብለው ያምናሉ። ዛሬ በመርካቶ ሻይ ቤቶች የሚሰማው ክርክር የዚህ ሁሉ ቅሬታ ነው።

በእነዚህ ትምህርቶች መካከል ፈራጅ ሆነን የምንቀመጥ አይደለንም፤ ያ የሊቃውንት ሥራ ነው። አንድ ነገር ግን ለማመልከት እንወዳለን። ስለ ገሃነም በሚደረገው ክርክር ውስጥ ተከራካሪው ራሱን ዘወትር ከእሳቱ ውጭ አድርጎ ይናገራል፤ የሚገባበትም የማይገባበትም ሌላ ሰው ነው። አንዳንዱ በእሳቱ መኖር ደስ የሚለው እስኪመስል ድረስ፥ ከሃይማኖቱ ውጭ ያለውን ጎረቤቱን በአፉ ይከተዋል። ክርስቶስ ሠምራ ግን እንዲህ ልትናገር አልቻለችም። እሳት በሰው አፍ መጨመር ምን እንደ ሆነ ከእጇ ተምራለችና። ሲኦልን ያወቀችው በራእይ ሳይሆን አስቀድማ በገዛ ቤቷ ነው፤ የሲኦሉን እሳት በዚያች ቀን እርሷው አንድዳዋለች። ከዚያ ኃጢአት በምሕረት የወጣች ሰው፥ ምሕረቱ ከእርሷ ወዲያ ይበቃል ለማለት አፏ አልተከፈተም። የባሰ በዳይ ስትፈልግ ያገኘችው ዲያብሎስን ብቻ ነበር፤ ስለ እርሱም ለመነች።

ይህ ነገር በተለይ ለወጣት ሹማምንትና ነገ ሹመት ለሚጠብቁ ተማሪዎች ይነገራል። ከበታቻቸው ተላላኪ፥ ጸሐፊና ዘበኛ የሚያዙ ሰዎች ናቸውና። አስቈጣኝ ብሎ የበታቹን እንጀራ የሚቈርጥ፥ በተሰበሰበ ሰው ፊት የሚያዋርድ፥ ባለጉዳዩን ከደጅ የሚያባርር ሹም፥ በሰው አፍ እሳት ከመጨመር የሚለየው በመጠን እንጂ በዓይነቱ አይደለም። ክርስቶስ ሠምራ ዕድለኛ ነበረች፤ የገደለቻት ገረድ ተነሥታላታለች። በዚህች አገር ግን በጌታዋ ወይም በእመቤቷ እጅ ወድቃ ያልተነሣች ገረድ ስንት እንደ ሆነች የሚቈጥር መዝገብ የለም። ስለዚህ ተአምር ይደረግልኛል ብሎ ከመቈጣት፥ ሳይቈጡ መዋል ይሻላል።

የቅድስት ክርስቶስ ሠምራ ዕረፍት የሚታሰበው ነሐሴ 24 ቀን፥ ከአቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል ጋር ነው። በየወሩም በ24 ቀን ከመርካቶ አጠገብ ወደሚገኘው ወደ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ብዙ ሕዝብ ይጐርፋል። ከዚያ ሕዝብ መካከል ሸክም የሚሸከም፥ ሱቅ የሚጠብቅ፥ በሰው ቤት የምታገለግልም ይገኛል። የዚህችን እናት ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከእነዚህ አንዱ እግሩን ቢረግጠው ምን እንደሚያደርግ ሲታይ፥ ስለ ገሃነም የሚያምነው ምን እንደ ሆነ ያን ጊዜ ይታወቃል።