አባ ኮስትር በላይ ዘለቀ፦ ከድሉ ማግስት ያለው ታሪክ



እዚህ ኮር ዊሊያም ሠርግም ሆነ የእንቁጣጣሽ በዓል ሲኖረን፣ ሽለላና ፉከራ በተነሣ ቁጥር የማይቀር ስም አለ፤ እርሱም የአባ ኮስትር በላይ ዘለቀ ስም ነው። በስደት አገር የተወለዱ ልጆቻችን ሳይቀሩ ስሙን ያውቁታል። ታሪካቸውን ስንነግር ግን ብዙውን ጊዜ ድሉ ላይ እናቆማለን። በዚህ የኢዮቤልዩ መጽሔታችን የጀግናውን ሕይወት እስከ ፍጻሜው በአጭሩ ለማቅረብ ወደናል። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

በላይ ዘለቀ በ1904 ዓ.ም. ገደማ በወሎ፣ ቦረና ሳይንት ተወለዱ። አባታቸው ባሻ ዘለቀ ላቀው ትውልዳቸው ከጎጃም፣ ከቢቸና አውራጃ ነበር፤ እናታቸው ወይዘሮ ጣይቱ አስኔ ይባላሉ። በላይ ገና ልጅ ሳሉ አባታቸው ስለተገደሉባቸው ከወንድማቸው ከእጅጉ ጋር ዓባይን ተሻግረው ወደ አባታቸው አገር ገቡ። የአባታቸው ደም ሲያንገበግባቸው አደጉ። ጣሊያን ኢትዮጵያን ከመውረሩ በፊትም ሸፍተው በረሃ ወርደው ነበር።

በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አዲስ አበባ ገባ፤ በቀጣዩ ወር ደግሞ ደብረ ማርቆስን ያዘ። ጎጃም በካርታ ላይ ሲታይ ደሴት ይመስላል፤ ዓባይ በስተምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ይከበዋል። ክረምት ሲገባ ወንዙ ሞልቶ መሻገሪያ አይገኝም። የዓባይ በረሃ አቀበትና ቁልቁለት ለባዕድ ጦር አስቸጋሪ ሲሆን፣ ለአገሩ ልጅ ግን ምሽግ ነበር። ጠላት ገበሬውን መሣሪያ ለማስፈታት ሲነሣ፣ በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ሕዝብ በየአውራጃው ሸፈተ።

ከዚያ ወዲህ በጎጃም ትግሉን ከመሩት መካከል ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ፣ ደጃዝማች ነጋሽ በዛብህና ልጅ ኃይሉ በለው ስመ ጥሩዎች ናቸው። እነዚህ ከመኳንንት ወገን ነበሩ። በላይ ግን በዘር ሐረግ ወይም በሹመት የተከተላቸው ሰው አልነበረም፤ ሰው የተከተላቸው በጀግንነታቸው ነው። በምሥራቅ ጎጃም፣ በቢቸና ዙሪያ፣ ዓባይን እየተሻገሩም በቦረና፣ ከጠላት በማረኩት መሣሪያ ጠላትን ወጉ። ነጻ ባወጡት አገር ዳኛ ሾሙ፤ ለተከታዮቻቸውም ከራስነት ጀምሮ ማዕረግ ሰጡ። ራሳቸው ምን ማዕረግ እንደሚይዙ ሲጠየቁ፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ከሁሉ በላይ መሆኑን ስለሚናገር ሌላ እንደማያሻቸው መለሱ ይባላል።

አምስቱን ዓመት ጎጃም ብቻውን አልታገለም። በሸዋ ራስ አበበ አረጋይና ወጣቱ ጃገማ ኬሎ፣ በደቡብ ምዕራብ ገረሱ ዱኪ ጠላትን እንቅልፍ ነስተውት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በጥር 1933 ዓ.ም. ከሱዳን ተነሥተው በኡም ኢድላ በኩል ወደ ጎጃም ገቡ። አብረዋቸው ከዘመቱት አንዱ የሱዳን መከላከያ ኃይል የድንበር ሻለቃ ነበር። እኛ ዛሬ የምንኖርበት ደቡብ ሱዳን ያን ጊዜ የሱዳን ክፍል ስለነበር፣ የሁለቱ ሕዝቦች ጉርብትና እኛ ከመምጣታችን አስቀድሞ በጦር ሜዳም የታየ ነው።

ጣሊያኖች ከደብረ ማርቆስ ሲሸሹ በሳፈርታክ ድልድይ በኩል ዓባይን ተሻገሩ። በላይ መንገዱን አለመዝጋታቸውን በዘመኑ የነበሩ እንግሊዞች ለጣሊያን ያደሩት የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ማባበያ ነው ብለው ጽፈዋል፤ ነገሩ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ልጆቻችን ይህንንም ቢያውቁ አይጎዳቸውም፤ ጀግና ሰው ነውና።

ነጻነት ሲመለስ በአገሪቱ ሦስት ዓይነት ሰው ተገናኘ፤ በዱር የታገለው አርበኛ፣ ከባዕድ አገር የተመለሰው ስደተኛና ለጠላት ያደረው ባንዳ። ሹመትና ርስት ሲከፋፈል ቅሬታው የበረታው በአርበኞች ዘንድ ነበር። በላይ የደጃዝማችነት ማዕረግ አግኝተው የትውልድ ወገናቸውን አውራጃ ቢቸናን እንዲያስተዳድሩ ተሾሙ። ከእሳቸው ያነሰ የደከሙት፣ ለጠላት ያደሩትም ጭምር፣ የተሻለ ሲያገኙ ማየታቸው አስቆጣቸው። ማዕከላዊው መንግሥት በበኩሉ ትእዛዙን የማይቀበል ባለ ጦር እንዲኖር አልፈለገም። ጠቡ ከረረና ጦር ተላከባቸው፤ ከተዋጉም በኋላ እጃቸውን ሰጡ።

የሞት ፍርድ ተፈርዶባቸው ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠላቸው። ከእስር አምልጠው ሲሄዱ ግን ተያዙ፤ በጥር 1937 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በስቅላት ተቀጡ። ከእሳቸው ጋር የተሰቀሉት ልጅ ማሞ ኃይሉ የራስ ኃይሉ ልጅ ሲሆኑ በወረራው ዘመን ለጣሊያን ያደሩ ነበሩ። ጠላትን አምስት ዓመት የተዋጋው አርበኛና ለጠላት ያደረው ሰው በአንድ መስቀያ ላይ ሞቱ። ሕዝቡ በዘፈንና በለቅሶ ግጥም ሐዘኑን ሲገልጽ ኖረ። ዛሬ በአዲስ አበባ በስማቸው የሚጠራ መንገድ አለ፤ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ባሕር ዳር የሚበር አባላችንም የሚያርፈው በስማቸው በተሰየመው አውሮፕላን ማረፊያ ነው።

ይህን ታሪክ እዚህ ጁባ ሆነን ስናነበው ሩቅ አይሆንብንም። ደቡብ ሱዳን በ2003 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ በጫካ የታገለው፣ ከስደት የተመለሰውና በካርቱም መንግሥት ሥር የቆየው በአንድ አገር ተገናኙ። በታኅሣሥ 2006 እና በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ጁባ ውስጥ ተኩስ ሲከፈት፣ ነጻነትን አብረው ያመጡ ወገኖች ሲጣሉ ቤተሰብ ምን እንደሚደርስበት ብዙዎቻችን በዓይናችን አይተናል።

በላይን ጠላት አልገደላቸውም። የሞቱት ከድል በኋላ በወገን መካከል የሚቀረውን ቅሬታ ሽማግሌ ገብቶ ሳያበርደው በመቅረቱ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው በዓል ልጆቻችን ስለ አባ ኮስትር ሲጠይቁን፣ ፉከራውን ካስተማርናቸው በኋላ የጥር 1937ቱንም እንንገራቸው። ማኅበራችንም ዕድርና ዕቁቡን ጠብቆ፣ የተጣላውን በጊዜ እያስታረቀ፣ ለሚቀጥለው ኢዮቤልዩ ያድርሰን።