ሺምፐርና ምረንዝ፦ ከቁጥቋጦው እስከ ሴላችን በር



በዚህ እትም ለሕይወት ታሪክ ዓምዳችን የመረጥነው ሰው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ጌኦርግ ዊልሄልም ሺምፐር ነው። የባዮሎጂ ተማሪዎቻችን ስሙን በብዙ ዕፅዋት ሳይንሳዊ መጠሪያ መጨረሻ ላይ ያገኙታል። ሰሳ የምንለው ዛፍ አልቢዝያ ሺምፐሪያና፣ ምረንዝ ደግሞ አኮካንቴራ ሺምፐሪ ይባላል። ስለ ምረንዝ መርዝ የተደረገው ምርምር ሴሎቻችን ንጥረ ነገሮችን እንዴት እንደሚያስገቡና እንደሚያስወጡ ለማወቅ ረድቷል። በካንሰር ጥናት ውስጥም ዛሬ ድረስ ይነሳል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደቱና ጉዞው

ሺምፐር በ1804 በባቫሪያ ተወለደ። በ1830ዎቹ በኤስሊንገን ከተማ ለነበረ አንድ የዕፅዋት ማኅበር መሰብሰብ ጀመረ። የማኅበሩ አባላት አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ተጓዡ ዕፅዋቱን ሰብስቦና አድርቆ ይልካል፤ ናሙናው ለአባላቱ ይከፋፈላል። በዚህ መንገድ አልጄሪያን፣ ግብፅን፣ ሲናንና የጅዳን አካባቢ አይቶ በ1837 በምፅዋ በኩል ወደ ሀገራችን ገባ።

ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ከተማችን ደብረ ታቦር የዳግማዊ ራስ አሊ መቀመጫ ነበረች፤ ሰሜንና ትግራይ ደግሞ በደጃዝማች ውቤ እጅ ነበሩ። ሺምፐር ዓድዋ ተቀምጦ በውቤ ጥላ ሥር ገባ። ውቤም ወደዱት፤ እንትጮን ሾሙት። በደረስጌ ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን ግንባታም ተሳትፏል። ኢትዮጵያዊት አግብቶ ልጆች ወለደ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ዕፅዋት መሰብሰቡንና ወደ አውሮፓ መላኩን አልተወም።

በ1855 ደጃዝማች ካሳ ውቤን ደረስጌ ላይ ድል አድርገው አፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሺምፐር ሹመቱን አጣ፤ ኋላም ንጉሡ ከሀገር እንዳይወጡ ካገዷቸው አውሮፓውያን ጋር ተቆጠረ። በዚያ ዘመን ከከተማችን አጠገብ በምትገኘው ጋፋት ሌሎች አውሮፓውያን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ይሠሩ ነበር። ሺምፐር ግን ከ1864 እስከ 1868 ስለ ትግራይ ዕፅዋት ያስተዋለውን በጽሑፍ አሰፈረ፦ የት እንደሚበቅሉ፣ የሀገሬው ሰው ምን ብሎ እንደሚጠራቸው፣ ለምን እንደሚጠቀምባቸው። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ ነፃ ከወጡት አንዱ ነበር። የቀረ ዕድሜውን በዚሁ በሀገራችን አሳልፎ በ1878 ዓድዋ ላይ ሞተ። ጽሑፉ ዛሬ ለንደን ይገኛል።

መርዙ ስም ሲያገኝ

ምረንዝ በደረቅ ተዳፋትና በቁጥቋጦ መሬት የሚበቅል፣ ቅጠሉ የማይረግፍ፣ ነጭና ጥሩ መዓዛ ያለው አበባ የሚያወጣ ዛፍ ነው። ሺምፐር ከላካቸው ናሙናዎች ተነሥቶ ዴካንዶል የተባለ የዕፅዋት ሊቅ በ1844 በሺምፐር ስም ሰየመው። መርዙን ያወቁት ግን ከሊቃውንቱ በፊት የምሥራቅ አፍሪካ አዳኞች ናቸው። እንጨቱን ቀቅለው የቀስታቸውን ጫፍ ይቀቡበት ነበር። ሱማሌዎች ዋባዮ ይሉታል። በ1888 ፈረንሳዊው ኬሚስት አርኖ መርዙን ከእንጨቱ ለይቶ ሲያወጣ ዋባይን ያለው ከዚህ የሱማልኛ ቃል ወስዶ ነው።

የሴሉ ፓምፕ

እያንዳንዱ ሴላችን በስስ የስብ ሽፋን የተከበበ ነው። ጨው በዚህ ስብ ውስጥ እንዲሁ አያልፍም። ስለዚህ በሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፕሮቲኖች በርና ፓምፕ ሆነው ያገለግላሉ። ከእነዚህ ዋነኛው አንድ ኤቲፒ የተባለ የኃይል ሞለኪውል ባቃጠለ ቁጥር 3 ሶዲየም ወደ ውጭ አስወጥቶ 2 ፖታሲየም ወደ ውስጥ ያስገባል። የምህንድስና ተማሪዎች ባትሪ እንደሚሞላ ቻርጀር ብንቆጥረው አንሳሳትም። ነርቭ መልእክት የሚያስተላልፈው፣ አንጀትም ከምግብ ስኳር የሚመጠው በዚህ ክምችት ነው። ፓምፑ ከቆመ ሴሉ ውኃ ስቦ ያብጣል።

በ1953 ስዊዘርላንዳዊው ሻትስማን የዚህ ወገን መርዞች በቀይ የደም ሴል ላይ ያለውን ፓምፕ እንደሚያቆሙ አሳየ። በ1957 ዴንማርካዊው ስኩ ከሸርጣን ነርቭ ኤቲፒ የሚሰብር ኢንዛይም አገኘ። ኢንዛይሙ ራሱ ፓምፑ መሆኑን እንዲያረጋግጥ የረዳው ዋባይን ነው፤ መርዙ ሲጨመር ኢንዛይሙም ቆመ። ስኩ በ1997 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ተጋራ።

ልብና ካንሰር

ፓምፑ በልብ ጡንቻ ላይ ሲዳከም በሴሉ ውስጥ ሶዲየም፣ ቀጥሎም ካልሲየም ይጠራቀማል። ልብ በመጀመሪያ በኃይል ይመታል፤ መጠኑ ጥቂት ካለፈ ምቱ ተዛብቶ ይቆማል። ቀስቱ አውሬውን የሚገድለው በዚህ ነው።

ዋባይን በቤተ ሙከራ ሳህን ላይ የሰው ካንሰር ሴሎችንም ይገድላል። ታዲያ ለምን መድኃኒት አልሆነም? የአይጥ ፓምፕ ዋባይንን ከሰው ፓምፕ እጅግ አብልጦ ይቋቋማል። የሰው ዕጢ በአይጥ ላይ ተተክሎ ሲሞከር ዕጢው ይከስማል፣ አይጧ ትድናለች፤ ውጤቱ ተአምር ይመስላል። በሰው ላይ ግን የዕጢውም የልቡም ፓምፕ ለመርዙ ክፍት ነው።

ካንሰር በሌላ ፓምፕም ይጠቀማል። በ1976 ይፋ የሆነው ፒ-ግላይኮፕሮቲን በጤናማ ሰው አንጀትና በአንጎል የደም ሥሮች ላይ መርዝ ወደ ውጭ የሚመልስ ዘበኛ ነው። አንዳንድ የካንሰር ሴሎች ይህንኑ ዘበኛ አብዝተው ያመርቱና የተሰጣቸውን መድኃኒት መልሰው ይተፉታል። በሽተኛው መጀመሪያ ተሽሎት በኋላ መድኃኒቱ እምቢ ከሚልባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው።

ለእኛስ?

ዕጢ የወጣበት ዘመድ ሲኖረን ቅጠልና ሥር ጠጣ የሚል ምክር ከየአቅጣጫው ይመጣል። ምረንዝን በተመለከተ ቃላችን አጭር ነው፦ በሐኪም እጅ ተመጥኖ የሚሰጥ መድኃኒት አይደለም፤ ማንም እንዳይቀምሰው፣ ለማንም እንዳይሰጥ። ታማሚውን ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል ማድረስ አማና ነው።

ከሺምፐር የምንወስደው ደግሞ አለ። ሹመቱም ጌታውም አልፈው የቀረለት ጠይቆ የጻፈው ነው። ዛፉ የእሱን ስም፣ መርዙ የሱማሌዎቹን ቃል ይዞ ቀረ፤ ምረንዝ የሚለው የኛ ስም ግን ከሀገር አልወጣም። የወንዛችንን ዕፅዋት የሚያውቁ አያቶቻችን ዛሬም በየገጠሩ አሉ። ለዕረፍት ስንሄድ ደብተር ይዘን ከጎናቸው እንቀመጥ፤ የነገሩንን ከነስማቸው እንጻፍ። አላህ ጠቃሚ ዕውቀት ይወፍቀን።

ወላሁ አዕለም።