ስኮላርሺፕና ቃል፦ የዶክተር ሱዛን ላ ፍሌሽ ፒኮት ሕይወት

ስኮላርሺፕ ሲባል ብዙዎቻችን መጀመሪያ የምናስበው ነጥብ ነው። ማን ጥሩ ግሬድ አለው፣ ማን አንደኛ ወጣ እንላለን። ነገር ግን ነጥብ ብቻውን በር አይከፍትም። ገንዘቡ የት እንዳለ የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል፣ ደብዳቤ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል፣ ከዚያ ደግሞ ገንዘቡ ይዞት የሚመጣው ግዴታ አለ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች (በተለምዶ ቀይ ሕንዶች ከምንላቸው) የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም የሆነችው ሱዛን ላ ፍሌሽ ፒኮት ይህን ሁሉ አይታለች። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሱዛን በጁን 17 ቀን 1865 ነብራስካ ውስጥ ለኦማሃ ሕዝብ በተከለለው መሬት ተወለደች። አባቷ ጆሴፍ ላ ፍሌሽ የኦማሃ አለቃ ነበሩ። ልጆቻቸው የነጮቹን ትምህርት ካልተማሩ ሕዝቡ ወደፊት መብቱን ማስከበር እንደማይችል ያምኑ ነበር። ሱዛን ገና ልጅ ሳለች አንዲት የታመመች አሮጊት አጠገብ ቁጭ ብላ አደረች። ነጩ ሐኪም አራት ጊዜ ተልኮበት ሳይመጣ ቀረ፣ ሴትዮዋም ሞተች። ሐኪም የመሆን ሐሳብ ያደረባት ያኔ ነው።

ከሚሽን ትምህርት ቤት ቀጥሎ ኒው ጀርሲ ተምራ ተመለሰችና በአገሯ አስተማሪ ሆነች። በዚያ ጊዜ አሊስ ፍሌቸር የተባለች የባሕል ተመራማሪ ታማ ሱዛን አስታመመቻት። ፍሌቸርም ትምህርቷን እንድትገፋ መከረቻት። በ1884 ሱዛን ቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሃምፕተን ትምህርት ቤት ገብታ በ1886 ከክፍሏ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። የትምህርት ቤቱ ሐኪም ማርታ ዋልድሮን ራሷ ወደተማረችበት ወደ ፔንሲልቬኒያ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ እንድታመለክት ገፋፋቻት።

ታዲያ ችግሩ ገንዘብ ነበር። መንግሥት ለነባር ሕዝቦች ልጆች ይከፍል የነበረው በአብዛኛው ለመለስተኛ ትምህርትና ለእጅ ሙያ ነው እንጂ ለሕክምና አልነበረም። አሁንም ፍሌቸር ጣልቃ ገባች። ሳራ ኪኒ ለምትመራው የኮነቲከት ሴቶች ማኅበር ጉዳዩን አቀረበች። ማኅበሩ መዋጮ አሰባስቦ ወጪዋን ሊሸፍን ተስማማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ድርሻ ጨመረ። በዚህም ሱዛን በአሜሪካ ለሙያ ትምህርት እንዲህ ያለ እርዳታ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሰው ተብላ ትጠቀሳለች።

ገንዘቡ ግን ባዶውን አልመጣም። በትምህርት ላይ እያለችና ከተመረቀችም በኋላ ለተወሰኑ ዓመታት እንዳታገባ ተጠየቀች። ሃምፕተን እያለች የምትቀርበው የሱ ሕዝብ ተወላጅ ወጣት ነበር፤ እሷ ግን ለትምህርቱ ስትል ትዳርን ወደ ጎን አደረገች። እንግዲህ እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ያስፈልጋል። እርዳታው እውነተኛ እርዳታ ነበር፣ ያለ እሱ ሐኪም አትሆንም ነበር። ያም ሆኖ ለጋሾቹ በገንዘባቸው የአንዲትን ወጣት የግል ሕይወት ጭምር ለመወሰን ፈልገዋል።

በ1889 ከ36 ተመራቂዎች አንደኛ ወጣች። ፊላደልፊያ ውስጥ የተግባር ልምምዷን አጠናቃ ወደ አገሯ ተመለሰችና በዓመት 500 ዶላር ደመወዝ የመንግሥት ሐኪም ሆነች። ከ1,200 በላይ ሰዎች በእሷ እጅ ነበሩ። በክረምት ብርድ በእግርና በፈረስ እየዞረች ሳንባ ነቀርሳ፣ ኢንፍሉዌንዛና የዓይን በሽታ ታክም ነበር። ሕክምና ብቻም አይደለም፤ ቋንቋ ታስተረጉማለች፣ ለሰው ደብዳቤ ትጽፋለች። በ1893 ራሷም ታማ፣ እናቷም ታመውባት ሥራውን ለቀቀች።

በ1894 ሄንሪ ፒኮትን አገባች። ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደች፣ ሕክምናውንም አልተወችም። ባሏ በ1905 ሲሞት የውርስ መሬቱን ጉዳይ ለማስጨረስ ከመንግሥት ቢሮ ጋር ተሟገተች። በአንደኝነት የተመረቀች ሐኪም ሆና የገዛ ቤተሰቧን ንብረት ለማስተዳደር ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት። በ1910 የኦማሃን ሕዝብ ወክላ ዋሽንግተን ድረስ ሄዳ ስለ መሬት መብት ተከራከረች።

በመጨረሻም በጃንዋሪ 1913 ዋልትሂል በተባለች ከተማ ሆስፒታል አስከፈተች። ገንዘቡ የመጣው ከመንግሥት ሳይሆን ከፕሬስቢቴሪያን ቤተ ክርስቲያን የሚሲዮን ቦርድና ከሌሎች ለጋሾች ነው። በአንድ ወቅት ሰዎች ገንዘብ የለመኑላት ልጅ አሁን ራሷ ለሕዝቧ ለማኝ ሆነች ማለት ነው። ሴፕቴምበር 18 ቀን 1915 በካንሰር በ50 ዓመቷ አረፈች። የሆስፒታሉ ሕንፃ በ1993 ብሔራዊ ታሪካዊ ቅርስ ተብሎ ተመዝግቧል።

በ1976 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለነባር ሕዝቦች የጤና ተማሪዎች ስኮላርሺፕ ሲፈቅድ እንደ ግዴታ ያስቀመጠው አገልግሎትን ነው። ተመራቂው ለወገኖቹ የተወሰነ ዓመት ይሠራል። ሱዛን ይህን ማንም ሳያስገድዳት ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋዋለች። ከእሷ የምንማረው ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ፣ ጎበዝ ነኝ ብሎ ቁጭ ከማለት የሚያውቅ ሰው ጋ ሄዶ መጠየቅ አያሳፍርም። ሁለተኛ፣ ፎርም ላይ ከመፈረማችን በፊት ምን እንደተሰጠን ብቻ ሳይሆን ምን እንደተጠየቅንም እናንብብ።