ጌኦርግ ሲሞን ኦም

የኦም ሕግ ለኤሌክትሪክ መሐንዲስ የሙያው ፊደል ነው። የሕጉ ባለቤት ግን ግኝቱን በመጽሐፍ ካሳተመ በኋላ የዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነት ለማግኘት 25 ዓመት መጠበቅ ግድ ሆኖበታል።

ኦም እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1789 በጀርመን አገር፣ በኤርላንገን ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ሲሆን፣ በራሱ ጥረት ያካበተውን የሒሳብ ዕውቀት ለልጆቹ ያካፈለ ሰው ነበር። ኦም በ1811 በትውልድ ከተማው ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረግ ተቀበለ፤ በ1817 በኮሎኝ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ሆኖ ተቀጠረ። በአባቱ ቤት የለመደው የእጅ ሥራ የሙከራ መሣሪያዎቹን ለመሥራት የጠቀመው በዚህ ጊዜ ነው።

በዚያ ዘመን የተለመደው የከረንት ምንጭ የቮልታ ባትሪ ነበር። ይህ ባትሪ በሥራ ላይ ሳለ ኃይሉ ስለሚዋዥቅ፣ ኦም በ1825 ያሳተመው የመጀመሪያ ቀመር የተሳሳተ ሆነ። ፖገንዶርፍ የተባለው የሳይንስ መጽሔት አዘጋጅ በሰጠው ምክር መሠረት ባትሪውን ትቶ በቢስሙትና በመዳብ መጋጠሚያዎች መጠቀም ጀመረ። አንደኛው መጋጠሚያ በፈላ ውሃ፣ ሁለተኛው በበረዶ ውስጥ ሲቀመጥ የሙቀቱ ልዩነት ስለማይለወጥ ቮልቴጁም ጸንቶ ይቆያል። ከዚያም ውፍረታቸው እኩል፣ ርዝመታቸው የተለያየ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን በየተራ እያገናኘ፣ የከረንቱን መጠን በተንጠለጠለች የማግኔት መርፌ ለካ። በ1826 የደረሰበት ውጤት ግልጽ ነበር፤ ከረንት ከቮልቴጅ ጋር በቀጥታ፣ ከጠቅላላው ሬዚስታንስ ጋር ግን በግልባጭ ይመጣጠናል። በቀመሩም ውስጥ ከተፈተነው ሽቦ ሌላ የቀሪው ዑደት ሬዚስታንስ የራሱ ቦታ ተሰጥቶታል።

በ1827 ሐሳቡን በሒሳብ አስደግፎ በበርሊን በመጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉን የአገሩ ሊቃውንት በቀዝቃዛ ስሜት ተቀበሉት። ተስፋ ያደረገው የዩኒቨርሲቲ ሹመት ቀረበት፤ የኮሎኙንም ሥራ ለቀቀ። እስከ 1833 ድረስ፣ በኑረምበርግ የቴክኒክ ትምህርት ቤት ቦታ እስኪያገኝ፣ በአነስተኛ ገቢ ኖረ።

ዕውቅናው የመጣው ከባሕር ማዶ ነው። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊን ሜዳይ ሸለመው። በ1852 በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ፕሮፌሰር ሆነ፤ በማዕረጉ ግን ከሁለት ዓመት በላይ አልቆየም። ጁላይ 6 ቀን 1854 በዚያው ከተማ አረፈ።

በ1881 በፓሪስ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የሬዚስታንስን መለኪያ በስሙ ሰየመው። ስሕተቱን አምኖ ምንጩን በመለወጥ ከአንድ ዓመት በኋላ ያረመው መምህር፣ ስሙ ከቮልታና ከአምፔር ጎን ተጻፈለት።