ሦስት ጊዜ ከሥራው የሸሸው ቆሞስ
ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ (1786–1859 እ.ኤ.አ.)

በየቁምስናችን ጭንቀት እያስቸገራቸው ሥራቸውን ይዘው መቆየት የሚሳናቸው ጥቂቶች አይደሉም። አንዱ ማለዳ ወደ መሥሪያ ቤቱ ሲቃረብ ልቡ ይመታል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ ከደጃፉም ይመለሳል። ሌላይቱ በሥራዋ የተመሰገነች ሆና ሳለ፣ ነገ ጉድለቴ ይገለጣል ብላ ስለምትሰጋ እንቅልፍ ታጣለች፤ በመጨረሻም ሥራዋን ትለቃለች። ከትምህርተ ክርስቶስ መምህራን መካከልም በልጆች ፊት መቆም የሚያስፈራቸው አሉ። እንዲህ ያለውን ሰው ሰነፍ ወይም እምነተ ጎደሎ ብሎ መፍረድ ይቀለናል። ቤተ ክርስቲያን የቆሞሳት ጠባቂ ብላ የሰየመችው የአርሱ ቅዱስ ሕይወት ግን ከዚህ ፍርድ እንድንቆጠብ ያስተምረናል።

ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ በግንቦት 8 ቀን 1786 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር፣ በሊዮን ከተማ አጠገብ በምትገኘው በዳርዲዪ መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የፈረንሳይ አብዮት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድድ ስለ ነበር የመጀመሪያ ቍርባኑን የተቀበለው በስውር ነው። ካህን ለመሆን ሲነሣ ዕድሜው ገፍቶ ነበር፤ የላቲን ቋንቋም እጅግ ከበደው። የኤኩሊ ቆሞስ አባ ባሌ በትዕግሥት ቢያስተምሩትም በሊዮን ዘርአ ክህነት ፈተናውን ማለፍ ተስኖት ተሰናበተ። አባ ባሌ ግን ተስፋ አልቆረጡበትም፤ እንደ ገና አስጠኑት፣ ስለ እርሱም ለአለቆች ተናገሩለት። በዚህም መሠረት ነሐሴ 13 ቀን 1815 ዓ.ም. በግሬኖብል ከተማ ማዕርገ ክህነትን ተቀበለ። አባ ባሌ ካረፉ በኋላ፣ በ1818 ዓ.ም. 230 ያህል ነዋሪዎች ወዳሏት ወደ ትንሿ የአርስ መንደር ተላከ።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት አድካሚ ነበሩ። ስብከቱን ሌሊት በዕቃ ቤት ተቀምጦ ይጽፍና ቃል በቃል ያጠናው ነበር። ሆኖም በመስበኪያው ላይ ሲቆም ያጠናው ሁሉ ከአእምሮው ጠፍቶ ስብከቱን ሳይፈጽም የወረደበት ጊዜ አለ። አንዳንድ ካህናትም ባለ ማወቁ በመንቀፍ በጳጳሱ ዘንድ የሚከሰው ጽሑፍ አዘጋጅተው ሲያዞሩ፣ ጽሑፉ በአጋጣሚ ከራሱ እጅ ገባ። እርሱም ክሱ እውነት ነው በማለት የራሱን ፊርማ ጨምሮ ላከው።

ከጊዜ በኋላ ሥራው ፍሬ አፈራ። የመንደሪቱ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመለሱ፤ ለድሆች ልጃገረዶች ትምህርት ቤት ተከፈተ፤ ከመላው ፈረንሳይ ሊናዘዙ የሚመጡትም ተጓዦች በዓመት በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሆኑ። በበጋ ወራት በኑዛዜ ቦታ እስከ 16 ሰዓት ድረስ ይቀመጥ ነበር። ነገር ግን ሥራው በተቃና መጠን ጭንቀቱ አልቀለለም፤ እንዲያውም ከበደ። በአደራ ስለ ተሰጠው ስለ እያንዳንዱ ነፍስ በእግዚአብሔር ፊት እንደሚጠየቅ ባሰበ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ቆሞስ ሆኖ መሞትንም እጅግ ይፈራ ነበር። በአንድ ወቅት የራሱን ድካም እንዲያሳየው እግዚአብሔርን ለምኖ፣ ያየው ነገር ወደ ተስፋ መቁረጥ አፋፍ ስላደረሰው፣ ሌሎች እንዲህ ያለ ልመና እንዳያቀርቡ መክሯል።

ስለዚህ ሸሸ። በ1840 ዓ.ም. ገደማ በሌሊት ከቤቱ ወጥቶ ጥቂት ከተጓዘ በኋላ፣ ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነውን ብሎ ራሱን ጠየቀና በገዛ ራሱ ተመለሰ። በ1843 ዓ.ም. ከጽኑ ሕመም ካገገመ በኋላ ደግሞ በመስከረም ወር በእግሩ ወደ ትውልድ መንደሩ ሄዶ ከወንድሙ ቤት ገባ። ምእመናን ግን ተከትለውት መጡ፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም ወደ አርስ ሲመለስ ደወል እየደወሉ በደስታ ተቀበሉት። ለሦስተኛ ጊዜ በመስከረም 1853 ዓ.ም. ሊወጣ ሲል ሕዝቡ ነቅቶ መንገዱን ዘጋበት፤ እንዲያናዝዛቸውም ለመኑት። እርሱም ተመልሶ በኑዛዜ ቦታው ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እስከ ዕረፍቱ ድረስ ከአርስ አልወጣም።

ይህን ጭንቀት እንዴት ቻለው ብለን ስንጠይቅ ሦስት ነገሮችን እናገኛለን። አንደኛ፣ ጭንቀቱን አልሸሸገም። ከኃላፊነቱ እንዲያሰናብቱት ጳጳሱን ደጋግሞ ለምኗል፤ ጳጳሱም ባያሰናብቱትም ሰምተውታል። ሁለተኛ፣ የዕለት ሥራው ሥርዓት ነበረው። ጸሎት፣ ኑዛዜ፣ ቅዳሴ፣ በየቀኑ ከቀትር በፊት የሚሰጠው ትምህርተ ክርስቶስ፣ ሁሉም ሰዓት ሰዓቱን ይዞ ይመጣ ስለ ነበር፣ የዕድሜ ልክ ሸክም የመሰለው ነገር የአንድ ቀን ሥራ ይሆንለት ነበር። ሦስተኛ፣ ብቻውን አልተተወም። አባ ባሌ ሲወድቅ አነሡት፤ ጳጳሳቱ ረዳት ካህናትን ላኩለት፤ በሸሸ ጊዜም ሕዝቡ በፍቅር መለሰው እንጂ በሽሽቱ አላፌዘበትም።

በዚህ ስፍራ አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። ቅዱሱ ጥቂት ሰዓት ብቻ መተኛቱንና እጅግ ጥቂት መብላቱን እንደ ምሳሌ ልንይዘው አይገባም። እርሱ ራሱ በወጣትነቱ ያደረገውን ከልክ ያለፈ ጾም በኋላ ዘመን እንደ ጉብዝና ሞኝነት ቆጥሮታል። የእንቅልፍና የምግብ ጉድለት ጭንቀትን እንደሚያባብስ ዛሬ የታወቀ ነው። ሰውን ለሳምንታት ከሥራው የሚያስቀር ጭንቀት በምክርና አስፈላጊ ሲሆንም በመድኃኒት የሚታከም ሕመም ነው። ወደ ሐኪም መሄድ የእምነት ማነስ አይደለም፤ ጸሎትና ሕክምናም አይጣሉም።

የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ተግባር አለ። በፍርሃት የቀረውን ባልንጀራ እቤቱ ሄዶ መጠየቅ፣ በመጀመሪያ ቀን ከጎኑ መቆም፣ ሙሉውን ትምህርት ሳይሆን አንዲቱን ክፍል ብቻ እንዲያስተምር መስጠት፣ ደግሞ ቢቀር ሳይዘልፉ እንደ ገና መጥራት ይቻላል። አሠሪዎች የሆኑ ምእመናንም ለሠራተኞቻቸው ይህንኑ ቢያደርጉ፣ የአንድ ቤተሰብ እንጀራ እንዳይቋረጥ ይረዳሉ።

ቅዱስ ዮሐንስ ማርያ ቪያኔ ነሐሴ 4 ቀን 1859 ዓ.ም. በ73 ዓመቱ ዐረፈ። ዕድሜውን ሁሉ ሞትን ሲፈራ ኖሮ በመጨረሻው ሰዓት ግን ፍርሃቱ ርቆለት በጸጥታ አረፈ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1925 ዓ.ም. ቅድስናውን ዐወጁ፤ በ1929 ዓ.ም. ደግሞ የቆሞሳት ሁሉ ጠባቂ ብለው ሰየሙት። ሦስት ጊዜ ለመሸሽ መነሣቱ ለዚህ ክብር እንቅፋት አልሆነበትም። ማለዳ ሥራቸውን እየፈሩ ለሚነሡ ሁሉ በጸሎቱ ይርዳቸው፤ እኛንም እንደ አርስ ሰዎች የሸሸውን በፍቅር የምንመልስ ያድርገን።