ኦም እና የኔ የላብ ሪፖርት

ቮልቴጅን በከረንት ስናካፍል ሬዚስታንስ፣ ሁለቱን ስናባዛ ደግሞ ፓወር እንደሚገኝ የዲፓርትመንታችን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ በቃሌ ይዤው ነበር። ላብ ስገባ ግን ነገርዬው እምቢ አለኝ። የተሰጠኝ ያረጀ የባትሪ ድንጋይ፣ ቀጭን ሽቦና ሁለት መለኪያ ነበር። ቮልቴጁን መጀመሪያ ላይ አንዴ ለክቼ ጻፍኩና ሽቦውን እያስረዘምኩ ከረንቱን ብቻ ማንበብ ቀጠልኩ። ተመልሼ የመጀመሪያውን ርዝመት ስለካው ከረንቱ ከቅድሙ አንሷል! ሰዓቱ አልቆ ስለነበር ግራፉ ቀጥ ያለ መስመር እንዲሰጠኝ ቁጥሮቹን ራሴ አስተካክዬ ሪፖርቱን አስገባሁ። ጥሩ ማርክም አገኘሁ።

ይህን ነውሬን በአደባባይ የማወራው፣ የሕጉ ባለቤት ጆርጅ ሲሞን ኦም እራሱ በዚሁ ነገር ተሰናክሎ እንደነበር ካነበብኩ በኋላ ነው።

ኦም እ.ኤ.አ. መጋቢት 16 ቀን 1789 በጀርመን አገር ኤርላንገን በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ቁልፍ ሰሪ ነበር። መደበኛ ትምህርት ባይኖረውም በግሉ ሒሳብና ፊዚክስ ተምሮ ለልጆቹ ያስተማረ ሰው ነው። እናቱ የሞተችው ኦም ገና የአሥር ዓመት ልጅ ሳለ ነው። በ1805 ዩኒቨርሲቲ ቢገባም ያው እንደኛው ጓደኞች ጭፈራና ቢሊያርድ ላይ ስለበረታ፣ አባቱ ተናዶ ከሦስት ሴሚስተር በኋላ አስወጣው። ከዚያ ስዊዘርላንድ ሄዶ ሒሳብ ሲያስተምር ቆይቶ ተመለሰና በ1811 ዶክትሬቱን ያዘ። ጥቂት ዓመታት በአነስተኛ ትምህርት ቤቶች ከተንከራተተ በኋላ በ1817 ኮሎኝ ከተማ በሚገኝ ጂምናዚየም መምህር ሆነ። ይህ ትምህርት ቤት ደህና ላብ ነበረው፤ የኦም ሥራ የተጀመረውም እዚያ ነው።

የኦም ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ሽቦው ሲረዝም የኤሌክትሪኩ ኃይል በምን ያህል ይቀንሳል? ችግሩ የዚያን ጊዜ ባትሪ ነው። ገና ሥራ ሲጀምር ይበረታል፣ ወዲያው ደግሞ ይደክማል። ስለዚህ ኦም የሚለካው የሽቦውን ለውጥ ይሁን የባትሪውን ድካም መለየት አይቻልም። በ1825 ባሳተመው ጽሑፍ ላይ ሎጋሪዝም ያለበት ፎርሙላ አቀረበ። ፎርሙላው ስህተት ነበር።

ቸኩሎ ያሳተመውን ሁሉ አይቶበታል፤ ሌላ ሰው ቢሆን ሙጭጭ ይል ነበር። ኦም ግን እንደገና ጀመረ። የፊዚክስ መጽሔት አዘጋጅ የነበረው ፖገንዶርፍ ባትሪውን ትቶ ቴርሞከፕል እንዲጠቀም መከረው። ኦም ቢስመዝና መዳብ አገናኝቶ አንዱን መጋጠሚያ የሚፈላ ውኃ ውስጥ፣ ሌላውን በረዶ ውስጥ አደረገ። ውኃ እስከፈላ፣ በረዶም ሟሙቶ እስካላለቀ ድረስ የሁለቱ የሙቀት ልዩነት አይለወጥም፤ ስለዚህ ምንጩም አይደክምም። ከዚያ ውፍረታቸው እኩል የሆኑ ስምንት የመዳብ ሽቦዎችን ከ2 ኢንች እስከ 130 ኢንች ድረስ ተራ በተራ እያስገባ፣ በቀጭን ነገር የተንጠለጠለች ማግኔታዊ መርፌ ምን ያህል እንደምትዞር ለካ። በ1826 የወጣው ውጤት ይህ ነው፦ የመርፌዋ ኃይል አንድ ቋሚ ቁጥር፣ ለሽቦው ርዝመትና ለሌላ ቋሚ ቁጥር ድምር ሲካፈል ከሚገኘው ጋር እኩል ነው። የመጀመሪያው ቁጥር የምንጩ ጉልበት፣ ሁለተኛው ደግሞ የቀረው ሰርኪዩት እንቅፋትነት ነው። እኛ ዛሬ የባትሪው የውስጥ ሬዚስታንስ እያልን የምንሰቃይበት ነገር እዚያው ውስጥ ነበር ማለት ነው።

እኔም ያንን ሙከራ ቆይቼ ደገምኩት። በየርዝመቱ ሁለቱንም አነበብኩ፣ በመሃልም ማብሪያውን እያጠፋሁ ድንጋዩን አሳረፍኩት። ሁለት ነጥቦች ከመስመሩ ትንሽ ወጣ አሉ፤ እንደወጡ ተውኳቸው።

ሳልረሳ አንድ ነገር ላንሳ። ብዙዎቻችን የፓወሩንም ስሌት የኦም ሕግ እንለዋለን። አይደለም። ከረንት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረው ሙቀት የከረንቱ ስኩዌር በሬዚስታንሱ ሲባዛ ከሚገኘው ጋር እንደሚሄድ ያሳየው እንግሊዛዊው ጁል ነው፤ እሱም በ1840 እና በ1841 ገደማ። ለምሳሌ የእናቴ የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት 16 አምፔር ይስባል ብንል፣ 220 ለ16 ሲካፈል 13.75 ኦም፣ 220 በ16 ሲባዛ 3,520 ዋት ይሆናል። የጁልን መንገድ ብንሄድም፣ 16 በ16 ተባዝቶ እንደገና በ13.75 ሲባዛ ያው 3,520 ነው። ማካፈሉ ግን ብቻውን የኦም ሕግ አይሆንም። 100 ዋት የሆነውን የድሮ አምፖል እንውሰድ። ሲበራ ስሌቱ 484 ኦም ይሰጣል፤ ቀዝቅዞ በመልቲሜትር ሲለካ ግን 40 ኦም አካባቢ ነው። ሕጉ የሚለው ሙቀቱ ካልተለወጠ ድርሻው አይለወጥም ነው። ኦም በረዶና የፈላ ውኃ ይዞ የተጨነቀው ለቀልድ አልነበረም።

ወደ ሰውየው ልመለስ። በግማሽ ደመወዝ ፈቃድ ወስዶ ወንድሙ ወደሚኖርበት በርሊን ሄደና በ1827 ሥራውን በመጽሐፍ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ የዩኒቨርሲቲ ወንበር ያስገኝልኛል ብሎ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ፊዚክስን በእንዲህ ያለ ሒሳብ መጻፍ ለብዙዎቹ የአገሩ ሰዎች እንግዳ ነገር ሆነባቸው፤ አንዳንዶቹም አጣጣሉት። በ1828 የኮሎኙን ሥራ ለቀቀ። እስከ 1833፣ ኑረምበርግ በሚገኘው ፖሊቴክኒክ እስኪቀጠር ድረስ፣ በርሊን ውስጥ በትርፍ ሰዓት ማስተማር ነበር ኑሮው። በ1841 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ የኮፕሊ ሜዳሊያ ሸለመው። እውቅናው ከባሕር ማዶ መምጣቱ ይገርማል።

ሲመኘው የነበረውን የሙሉ ፕሮፌሰርነት ወንበር ሙኒክ ላይ ያገኘው በ1852 ነው፤ ያኔ 63 ዓመቱ ነበር። ሁለት ዓመት ብቻ ሠርቶ ሐምሌ 6 ቀን 1854 እዚያው ሞተ። ፓሪስ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የኤሌክትሪክ ጉባኤ የሬዚስታንስ መለኪያ በኦም ስም እንዲጠራ የወሰነው በ1881 ነው።