የወንጀል መርማሪዎችን በአሻንጉሊት ቤት ያስተማረችው ሴት



ባለፈው ዓመት ሂሳብ ስንዘጋ ከማኅበራችን ሣጥን 3,600 ብር ጎደለ። ጉድለቱ ከየት እንደመጣ ገና ሳናጣራ ዓይናችን ሁሉ ገንዘብ ያዧ እህታችን ላይ አረፈ። ፊት ለፊት የተናገራት አልነበረም፤ ግን እሷ ወደ ቡናው ስትመጣ ወሬያችንን እናቋርጥ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ደረሰኞቹን በቀን ቅደም ተከተል ደርድረን አንድ በአንድ ስናይ፣ ጤፍ የተገዛበት ቫውቸር በቃለ ጉባኤው መዝገብ ገጾች መካከል ተገኘ። የጎደለው ወረቀት እንጂ ገንዘብ አልነበረም። ይቅርታ ጠየቅናት፤ እሷም ይቅር አለችን። ሂሳብ ተምረናል የምንለው ግን በጣም አፈርን፤ መዝገቡን ከማየታችን በፊት በሰው ፈርደን ነበርና።

ለዚህ እትም የፍራንሲስ ግሌስነር ሊን የሕይወት ታሪክ የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። ይህች አሜሪካዊት ዕድሜዋ ከገፋ በኋላ፣ ፖሊሶች በሰው ላይ ከመፍረዳቸው በፊት ማስረጃ እንዲያዩ ስታስተምር ኖራለች። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ፍራንሲስ በ1878 በቺካጎ ከተማ ተወለደች። አባቷ ጆን ግሌስነር በእርሻ መሣሪያ ንግድ የከበረ ሰው ነበር። እሷና ወንድሟ ጆርጅ ቤት ውስጥ በአስተማሪ ተማሩ። ጊዜው ሲደርስ ጆርጅ ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ እሷ ግን አልገባችም። በዚያ ዘመን ከባለጠጋ ቤት ሴት ልጅ የሚጠበቀው መስፋት፣ መጥለፍ፣ ቤት ማስተዳደርና መዳር ነበር። እሷም ሙያውን ሁሉ ጠንቅቃ ተማረች። በ1898 ብሉዌት ሊ የሚባል የሕግ ባለሙያ አግብታ ሦስት ልጆች ወለደች። ትዳሩ ግን አልሰመረም፤ በ1914 በፍቺ ተጠናቀቀ።

ሕይወቷን የለወጠው የወንድሟ ጓደኛ ነው። ዶክተር ጆርጅ በርጀስ ማግራት በቦስተን የአስከሬን ምርመራ ሐኪም ነበር፤ ድንገት ወይም በሰው እጅ የሞቱ ሰዎችን አሟሟት ይመረምራል። ከሥራው ያያቸውን ነገሮች ሲያወራት ሁለት ትልልቅ ችግሮችን ተረዳች። አንደኛው፣ በብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የሟችን አሟሟት የሚወስነው ኮሮነር የሚባል ሹም በምርጫ የሚቀመጥ እንጂ ሕክምና የተማረ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ ፖሊሶች ሳያውቁት ማስረጃ የሚያጠፉ መሆናቸው ነው። ደም ረግጠው ያልፋሉ፣ አስከሬን ያነሣሉ፣ ጥይት በበሳው ልብስ ቀዳዳ ጣታቸውን ይከታሉ። በዚህ ምክንያት ገዳይ በነፃ ይሄዳል፤ ምንም ያላደረገውም ይታሰራል።

ወንድሟ በ1929 አረፈ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ53 ዓመቷ፣ በገዛ ገንዘቧ ሃርቫርድ ውስጥ የሕግ ሕክምና ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም አደረገች። በ1936 ደግሞ 250,000 ዶላር ጨመረችለት። በማግራት ስም የተሰየመ ቤተ መጻሕፍትም አደራጀችለት። እኛን የገረመን ግን ይህ ነው፤ ያ የሕክምና ትምህርት ቤት ሴት ተማሪ መቀበል የጀመረው በ1945 ነበር። ገንዘቧን ሲቀበል ሴት ልጅ ገና በበሩ አትገባም ነበር።

ፖሊሶችን ማስተማር ስትጀምር ሌላ ችግር ገጠማት። ተማሪን ሁሉ ሰው ወደተገደለበት ቤት ይዞ መሄድ አይቻልም። መፍትሔውን ያገኘችው ከልጅነት ሙያዋ ነው። በ1940ዎቹ በኒው ሃምፕሻየር በሚገኘው ርስቷ፣ ከአናጢዋ ጋር ሆና፣ ሰዎች የሞቱባቸውን ክፍሎች በአሻንጉሊት ቤት መልክ ትሠራ ጀመር። መጠናቸው ከእውነተኛው 12 ጊዜ ያነሰ ነው። የበር ቁልፉ ይቆልፋል፣ መብራቱ ይበራል፣ በግድግዳ ላይ ያለው የቀን መቁጠሪያ ትክክለኛውን ወር ያሳያል። የአሻንጉሊቶቹን ካልሲ እንደ ስፒል በቀጠነ መርፌ ራሷ ሠራችው። ክፍሎቹ የተቀረጹት ከእውነተኛ የሞት ታሪኮች ተነሥተው ሲሆን፣ አብዛኞቹ የድሆች ቤት ናቸው፤ ከሟቾቹም ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። የድሃ ሞት እንደ ሀብታም ሞት በጥንቃቄ መመርመር አለበት ብላ ታምን ነበርና።

ከእነዚህ አንዱ ወጥ ቤት ነው። አንዲት ሴት ምድጃው አጠገብ ወድቃለች። የጋዙ መክፈቻ ተከፍቷል፣ በሮቹ ተቆልፈዋል፣ የበሩ ስንጥቅ በጋዜጣ ተደፍኗል። ላይ ላዩን ያየ ሰው ራሷን አጠፋች ብሎ መዝገቡን ይዘጋል። ነገር ግን ግማሹ የተላጠ ድንች አለ፤ የተጀመረ መጋገርም አለ። ልትሞት የቆረጠች ሴት ድንች ትልጣለች ወይ? ወጥ ቤት ውሎ የማያውቅ ፖሊስ ይህን ላያስተውል ይችላል። ቤት ስታስተዳድር የኖረችው ፍራንሲስ ግን አስተውላለች። መልሱን ዛሬም አይናገሩም፤ አሻንጉሊት ቤቶቹ እስከ ዛሬ ማስተማሪያ ናቸውና።

የአሻንጉሊቶቹ የቆዳ ቀለም እንኳ በዘፈቀደ አልተቀባም። ሰው ሲሞት ደሙ ወደ ታች ይወርድና ቆዳው ከሥር በኩል ይጠቁራል። በጀርባው የተኛ አስከሬን ደረቱ ላይ ከጠቆረ፣ ከሞተ በኋላ ሰው አገላብጦታል ማለት ነው። ጭስ ወይም ጋዝ መርዞት የሞተ ደግሞ ቆዳው ወደ ደማቅ ቀይ ያደላል።

ከ1945 ጀምሮ ፖሊሶች ለአንድ ሳምንት ሥልጠና ወደ ሃርቫርድ ይመጡ ነበር። በአሻንጉሊት ቤቶቹ ፊት ቆመው 90 ደቂቃ ይሰጣቸዋል። ከበሩ ጀምረው ክፍሉን እየዞሩ ወደ መሃል እንዲመለከቱ ታስተምራቸው ነበር። ቀድሞ መደምደምን አጥብቃ ትከለክል ነበር። የመርማሪ ሥራ ጥፋተኛውን መያዝ ብቻ ሳይሆን ንጹሑንም ነፃ ማውጣት ነው ብላ ታምን ነበር።

ዛሬ በወንጀል ሥፍራ የሚሠራው የፎረንሲክ ቴክኒሻን ሥራ በዚሁ ሥርዓት ይሄዳል። ምንም ሳይነካ ፎቶ ያነሣል፤ ይለካል፤ ንድፍ ያወጣል። ከዚያ የጣት አሻራውን፣ ፀጉሩን፣ የደሙን ናሙና ይሰበስባል። ደም የነካው ልብስ ይደርቅና በወረቀት ከረጢት ይታሸጋል፤ በላስቲክ ከታሸገ ይሻግትና ማስረጃው ይበላሻል። በእያንዳንዱ ከረጢት ላይ ምን እንደሆነ፣ የትና መቼ እንደተገኘ፣ ማን እንዳነሣው ይጻፋል። ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ሰጪም ተቀባይም ይፈርማሉ። አንድ ፊርማ ከጎደለ ፍርድ ቤት ማስረጃውን ላይቀበለው ይችላል። ይህን ስናነብ የራሳችንን ቫውቸር አስታወሰን፤ ያለ ፊርማ የወጣ ገንዘብ ለእኛም ሂሳብ አይሆንም።

ፍራንሲስ በ1943 በ65 ዓመቷ በኒው ሃምፕሻየር ግዛት ፖሊስ የሻምበልነት ማዕረግ ተሰጣት። በጥር 1962 በ83 ዓመቷ አረፈች። የሃርቫርዱ ክፍል ከእሷ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ተዘጋ። አሥራ ስምንቱ አሻንጉሊት ቤቶች ግን ወደ ባልቲሞር ከተማ፣ ወደ ሜሪላንድ የአስከሬን ምርመራ ጽሕፈት ቤት ተወሰዱ፤ መርማሪዎችም ዛሬ ድረስ ይማሩባቸዋል።

በእኛም አገር ድሮ ሌባሻይ የሚባል ልማድ ነበር። መድኃኒት የጠጣ ልጅ እየተመራ ይሄድና የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ይባላል። አሁን ስናስበው ግፍ መሆኑ ይገባናል። እኛ ግን ባለፈው ዓመት ያደረግነው ከዚህ ምን ያህል ይርቃል? ልጅ አላስጠጣንም፤ ዓይናችን ግን በአንዲት እህት ደጅ ወደቀ።

አባቶቻችን እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እያደር እስኪጠራ ግን ሰው ይጎዳል። ስለዚህ የሂሳብ ክፍሉ አንድ ደንብ አውጥቷል። ጉድለት ሲገኝ ሦስት አባላት ደረሰኞቹን ከመጀመሪያው ቀን ጀምረው አይተው እስኪጨርሱ ድረስ የማንም ስም አይነሣም። በሚቀጥለው ሂሳብ መዝጊያ ቀን በእጃችሁ የቀረ ደረሰኝ ካለ፣ ትንሽም ቢሆን፣ ይዛችሁ ኑ።